የሰው ሠፈርና የአራዊት መሬት፤ በፋውና በዲንደር መካከል

ሠፈር በተቈረቈረ ጊዜ ከመሬት የሚወስደው የቤቱን መቆሚያ ብቻ አይደለም፤ ነዋሪው የሚማግደውን እንጨት፣ የሚጠጣውን ውሃ፣ ከብቱ የሚግጠውን ሣርና የሚዘራበትን እርሻ ጭምር ነው። ስለዚህ አስተዳዳሪ የሆነ ሰው ለሠፈር ቦታ በሚለካበት ጊዜ፣ የለካው መሬት ሠፈሩ ከሚፈልገው መሬት ጥቂቱ ክፍል መሆኑን ማሰብ ይገባዋል። ይህን በግልጽ ከሚያሳዩት ቦታዎች አንዷ በምሥራቅ ሱዳን የምትገኘው ፋው ናት።

ፋው ከገዳሪፍ ወደ ዋድ መዳኒ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ስትሆን፣ የራሃድ የመስኖ እርሻ ዋና መሥሪያ ቤት መቀመጫ ናት። እርሻው በ1977 ሥራ ጀመረ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ስፋቱ 300,000 ፈዳን፣ ይኸውም 126,000 ሄክታር ያህል ነው። ውሃው ከጥቁር ዓባይ በመኪና እየተሳበ፣ በቦይ ተጕዞና በዲንደር ወንዝ ሥር አልፎ ወደ ራሃድ ሜዳ ይደርሳል። ቀድሞ ዝናብ ብቻ ይጠብቅ የነበረው የዋልካ መሬት ጥጥ፣ ማሽላና ለውዝ አበቀለ፤ ለገበሬዎቹም መንደሮች ተሠሩ። ይህ ታላቅ ሥራ ነው፤ ጥቅሙንም የሚክድ የለም።

ነገር ግን ሜዳው አስቀድሞም ባለቤት አልባ አልነበረም። በክረምት ዘላኖች ከብታቸውን ያሰማሩበት ነበር። የዲንደር የዱር አራዊትም ጐርፉና ጭቃው ሲበዛባቸው ወደዚያ ሜዳ እየወጡ፣ በበጋ ወደ ወንዙ ይመለሱ ነበር። በ1944 ገደማ በገዳሪፍ አገር በጋደምባሊያ የተጀመረው የትራክተር እርሻ ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ ሄደ፤ በላዩም የራሃድ መስኖ ተጨመረበት። ከዚህ የተነሣ የክረምቱ ግጦሽ ጠበበ። መሬቱን ያጣው ከብት ጠባቂም መንጋውን እየነዳ በሕግ ወደ ተከለለው ወደ ዲንደር ጥብቅ ሥፍራ መግባት ጀመረ። እንግዲህ አንዱን ችግር ያቃለለው ሥራ ሌላውን ችግር ወደ ጐረቤት ገፋው ማለት ነው።

የዲንደር ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው በ1935 ነው። ስፋቱ ወደ 10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በ1979 በዩኔስኮ የሕይወት ክልል (ባዮስፌር) መዝገብ ገባ፤ በ2005 ደግሞ በራምሳር ውል መሠረት ዓለም አቀፍ ጥቅም ካላቸው የውሃ ገብ መሬቶች ጋር ተቈጠረ። የሥፍራው ልብ «ማያ» የሚባሉት ኵሬዎች ናቸው። እነዚህም የራሃድና የዲንደር ወንዞች አካሄዳቸውን በለወጡበት ቦታ የቀሩ ጐድጓዶች ሲሆኑ፣ በክረምት ጐርፍ ይሞላሉ። ወንዞቹ በበጋ ሲደርቁ አውሬውና ወፉ የሚሰበሰበው ከእነዚሁ ዘንድ ነው። ማያው በደለል ከተደፈነ ወይም ዙሪያው ከተመነጠረ፣ በጠባቂ ብዛት የሚድን ነገር የለም።

ችግሩን የክልል መሥመር ብቻውን እንደማይፈታው ደግሞ በ1983 የሆነው ያስረዳል። በዚያ ዓመት የፓርኩ ወሰን ሲሰፋ፣ በራሃድ ዳር የነበሩ መንደሮች በወሰኑ ውስጥ ተገኙ። ቤታቸውን በትላንትናው ሕግ የሠሩ ሰዎች በዛሬው ሕግ ጥፋተኞች ሆኑ። እንዲህ ያለው አሠራር ሰውን የአራዊት ጠላት ያደርገዋል እንጂ አራዊትን አያድንም።

በዚህ ሁሉ ላይ የስደተኛው ነገር አለ። በ1984ና በ1985 ከረሃብና ከጦርነት የሸሹ ኢትዮጵያውያን በፋው አጠገብና በገዳሪፍ አገር በተሠሩ ሠፈሮች ተጠልለዋል። በኅዳር 2020 በትግራይ ጦርነት በተነሣ ጊዜም የኡም ራኩባ ሠፈር እንደ ገና ተከፈተ፤ በ1985 የኢትዮጵያውያን መጠለያ የነበረው ያው ቦታ ነው። በሚያዝያ 2023 የጀመረው የሱዳን ጦርነት ደግሞ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከዋድ መዳኒ፣ በ2024 ክረምት ከሲንጃ ብዙ ሕዝብ ወደ ገዳሪፍ አሰደደ። ሕፃን ያዘለችን እናት «ዛፉ ይጠበቃልና እዚህ አትረፊ» ብሎ ማባረር አይቻልም፤ አይገባምም። የሚቻለው ግን እርሷ ከመድረሷ በፊት ማሰብ ነው።

ነገሩ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። ራሃድ በኢትዮጵያ ምድር ሽንፋ የሚባለው ወንዝ ነው። ከዲንደር ጋር የሚዋሰነው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ በ2006 በአማራ ክልል፣ በቋራ ወረዳ ተከልሏል። በ2016 ተመራማሪዎች በዚያ አንበሶች መኖራቸውን አረጋግጠዋል። ዳሩ ግን ቋራና መተማ ከ2003 ጀምሮ ከደጋው የመጡ ሠፋሪዎች የተቀበሉ ወረዳዎች ናቸው፤ የሰሊጡም እርሻ በየዓመቱ ይሰፋል። በላይ በኩል ደኑ ሲመነጠር፣ አፈሩ ታጥቦ ወርዶ የሚተኛው በታችኛው ማያ ውስጥ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ አራት ነገሮች ይገባሉ። አንደኛ፣ አዲስ ሠፈር ሲታሰብ አስቀድሞ የተመነጠረና መንገድ ያለው መሬት ይመረጥ እንጂ ደን አይከፈት። ሁለተኛ፣ ማገዶው ከቤቱ ጋር አብሮ ይታሰብ፤ ቤት ሰጥቶ ማገዶ መከልከል ሰውን ሌባ ማድረግ ነው። ሦስተኛ፣ ከብት የሚያልፍበት ጐዳና በእርሻዎቹ መካከል ተለክቶ ይተው። አራተኛ፣ ወሰን ከመከለሉ በፊት ነዋሪው ይጠየቅ፤ ነባር ይዞታ ያለውም ካሳውን ወይም ምትኩን ይቀበል።

ነጋዴውም ይህ የመንግሥት ጕዳይ ብቻ ነው ብሎ እንዳይተወው ይገባል። የገዳሪፍ ገበያ የቆመው በሰሊጥ፣ በማሽላና በሙጫ ነው። ለከሰል የተቈረጠ የሙጫ ግራር አንድ ጊዜ ብቻ ይሸጣል፤ የቆመው ግራር ግን በየዓመቱ ያተርፋል። የታረደች ላም አትታለብም። የሠፈር ቦታ የሚመራ ሹምና ከሰል በጆንያ የሚያስጭን ነጋዴ፣ ሁለቱም በአንድ መዝገብ ላይ እየጻፉ ናቸው፤ ዕዳው የሚጠየቀው ደግሞ ከልጆቻቸው ነው።