የደቦው ማሳ የማን ነበር?

ሻይ ባኖን የሚባል እስራኤላዊ የሶፍትዌር ባለሙያ ለንደን ውስጥ ሥራ እየፈለገ ነበር። ባለቤቱ የምግብ ዝግጅት ትማራለች፤ የሰበሰበችው የምግብ አሠራር ጽሑፍ እየበዛ ሄደ። እሱም በትርፍ ጊዜው የምትፈልገውን ቶሎ የሚያወጣላት መፈለጊያ ይሠራላት ጀመር። ያ ሙከራ ከሥሩ እንደገና ተጽፎ በ2010 ኢላስቲክሰርች ተብሎ ወጣ (ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፈቃዱ አፓቺ የሚባለው የኦፕን ሶርስ ፈቃድ ነበር፤ ማንም ኮዱን ወስዶ መጠቀም፣ መለወጥ፣ መሸጥም ይችላል። ፕሮግራሙ በዓለም ዙሪያ ተሰራጨ፣ ባኖንና ባልደረቦቹም ኢላስቲክ የሚባለውን ኩባንያ አቋቋሙ።

በ2018 ባኖን የዚህን ኮድ የአፓቺ ፈቃድ መቼም እንደማይቀይሩት በይፋ ጻፈ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በጥር 2021፣ ኩባንያው ቀየረው።

ብቻውን አይደለም፤ ሌሎች የሶፍትዌር ኩባንያዎችም አሉ። ሞንጎዲቢ በ2018፣ የቴራፎርም ፕሮግራም ባለቤት ሃሺኮርፕ በ2023፣ ሬዲስ በ2024 ተመሳሳይ እርምጃ ወስደዋል። ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት መጀመሪያ ኦፕን ሶርስ ምን ብሎ ቃል እንደገባ ማየት ያስፈልጋል። በ1998 የተቋቋመው ኦፕን ሶርስ ኢኒሼቲቭ ፈቃዶችን የሚመዝንባቸው አሥር መስፈርቶች አሉት። ስድስተኛው ሰውን በሥራ መስኩ መለየት ይከለክላል፤ «ለምርምር ተጠቀምበት፣ ለንግድ ግን አትንካው» ማለት አይቻልም። ይህ ማለት ተፎካካሪህም ያንተኑ ፕሮግራም ወስዶ ሊነግድበት ይችላል ማለት ነው።

ለረጅም ጊዜ ይህ ማንንም አላስጨነቀም። ፕሮግራሙ በነፃ ይሰጣል፣ ኩባንያው ከድጋፍና ከተጨማሪ አገልግሎት ገንዘብ ያገኛል። ነገሩን የገለበጠው ክላውድ ነው። ደንበኛው ፕሮግራሙን ራሱ ሰርቨር ላይ መጫኑን ትቶ ተጭኖ፣ ተስተካክሎ፣ በወር ሒሳብ የሚከራይለትን ይፈልግ ጀመር። ሰርቨሩ ደግሞ ያለው እንደ አማዞን ባሉ ግዙፎች ዘንድ ነው። አማዞን በ2015 ኢላስቲክሰርችን በዚያው ስሙ ማከራየት ጀመረ። ኮዱን መውሰዱ ፈቃዱ የሚለው ነው፣ ጥፋት የለበትም። ስሙ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ኢላስቲክ በ2019 በንግድ ምልክት ከሰሰው፣ ክሱም በ2022 በስምምነት ተዘጋ። የኩባንያዎቹ ምሬት እውነተኛ ምሬት ነው። ዓመታት የለፉበትን ሥራ ዓለም ላይ ካሉት ሀብታም ድርጅቶች አንዱ እያከራየ ሲያተርፍ ማየት ያማል፤ ይህን አቃልሎ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም።

መድኃኒት ብለው ያመጡት ግን ምን ነበር? ሞንጎዲቢ ኤስኤስፒኤል የተባለ ፈቃድ ጻፈ። በዚህ ፈቃድ ፕሮግራሙን እንደ አገልግሎት የሚያቀርብ ሰው የፕሮግራሙን ብቻ ሳይሆን አገልግሎቱን የሚያስኬድበትን ሁሉ፣ የመቆጣጠሪያውን፣ የመጠባበቂያ ቅጂውን፣ የክትትሉን ኮድ ጭምር ይፋ ማድረግ አለበት። ላይ ላዩን ሲያዩት ክፍትነትን የሚያሰፋ ይመስላል። ነገር ግን ይህን ሁሉ መግለጥ የሚችል አከራይ ስለማይገኝ በተግባር ክልከላ ነው። ሞንጎዲቢ ፈቃዱን ለኦፕን ሶርስ ኢኒሼቲቭ አቅርቦ ተቃውሞ ሲበዛበት በ2019 አነሳው፤ ድርጅቱም በ2021 ይህ ፈቃድ ኦፕን ሶርስ አይደለም ሲል በግልጽ ተናገረ። ሃሺኮርፕ የመረጠው ቢኤስኤል ደግሞ «ከእኛ ጋር አትፎካከር» የሚል ነው፤ እያንዳንዱ እትም ከአራት ዓመት በኋላ ይከፈታል። ተፎካካሪ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ብቻውን ስንቱን ትንሽ ድርጅት ጠበቃ ጋ እንደሚልክ መገመት አያዳግትም።

አማዞንስ? ቀድሞ በክፍት ፈቃድ የተሰጠ እትም ተመልሶ አይዘጋም። ስለዚህ የመጨረሻውን ክፍት እትም ይዞ በዚያው በ2021 ኦፕንሰርች የሚል የራሱን ቅርንጫፍ አወጣ። የመሐንዲስ ችግር የለበትም። እርምጃው የታለመበት ግዙፉ ድርጅት መንገዱን ቀይሮ ሲያልፍ፣ በመሃል አዲሱን ፈቃድ አንብቦ መጨነቅ ለሌሎች ቀረ።

ከሁሉ በላይ የሚቆረቁረኝ ግን በነፃ ያገዙት ሰዎች ጉዳይ ነው። የኢላስቲክሰርችን የኮድ ፋይል ስትከፍቱ ከላይ ጥቂት የማስታወሻ መስመሮች አሉ። ከ2021 በፊት የነበረውንና ከዚያ በኋላ ያለውን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩት። አፓቺ የሚለው ሄዶ ሌሎች ስሞች ተተክተዋል። በሁለቱም ውስጥ ያለ አንድ ሐረግ ግን አለ፦ ኮዱ ለኩባንያው የተሰጠው በአበርካቾች ስምምነት ነው ይላል። ይህ ስምምነት ማንም ሰው ማሻሻያ ከመላኩ በፊት የሚፈርመው ወረቀት ነው፤ በሥራው ላይ ኩባንያው እንዳሻው ፈቃድ እንዲሰጥበት መብት ያስተላልፋል። ብዙ ሰው ሳያነበው ይፈርመዋል። ደቦ የወጣው ሰው የወል መሬት የሚያርስ መስሎታል፤ የይዞታ ደብተሩ ግን ከመጀመሪያው አንድ ቤት ውስጥ ነበር። ለእኔ የዚህ ሁሉ ክርክር እምብርት እዚህ ነው። ፈቃዱ ምን ይላል ከማለት በፊት ፈቃዱን የመቀየር ሥልጣን በማን እጅ ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል።

በሬዲስ በኩል ፈቃዱን ለመቀየር ያስቻለው በር ሌላ ነበር። ሳልቫቶሬ ሳንፊሊፖ የተባለ ጣሊያናዊ በ2009 የጀመረው ይህ ዳታቤዝ ቢኤስዲ በሚባል ልል ፈቃድ ነበር የሚወጣው፤ እንዲህ ያለው ፈቃድ ቀጣዩን እትም መዝጋትን አይከለክልም። ሳንፊሊፖ በ2020 ከመሪነት ሲወርድ ሥራውን የተረከቡት አምስት ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱ የአማዞንና የአሊባባ ባለሙያዎች ነበሩ። ሬዲስ የሚባለው ኩባንያ መጋቢት 20 ቀን 2024 ፈቃዱን መቀየሩን አስታወቀ። በስምንተኛው ቀን፣ መጋቢት 28፣ ቫልኪ የተባለው ቅርንጫፍ በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር ተመሠረተ። ቴራፎርምም ኦፕንቶፉ የሚባል ወንድም ያገኘው በተመሳሳይ መንገድ ነው።

ከዚያ ወዲህ የተመለሱም አሉ። ኢላስቲክ በ2024፣ ሬዲስ በ2025 ኤጂፒኤል የሚባለውን እውነተኛ ኦፕን ሶርስ ፈቃድ እንደ አማራጭ ጨመሩ። መመለሳቸው ደስ ይላል። ቅርንጫፎቹ ግን በራሳቸው መንገድ መሄዳቸውን አላቆሙም፣ አንድ የነበረው የሰው ጉልበትም ለሁለት ተከፍሏል።

ጉዳዩ ከእኛ የራቀ አይደለም። ጤና ሚኒስቴር ከጤና ተቋማት መረጃ የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ ቱ ኦፕን ሶርስ ነው። የሚመራው በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ እንጂ አክሲዮን ገዢ በሚጠብቀው ኩባንያ አይደለም። ፈቃዱ ልሉ ቢኤስዲ ስለሆነ በሕግ ረገድ ከሬዲስ የተለየ ዋስትና የለውም፤ ልዩነቱ ባለቤቱ ላይ ነው። በዶላር የሶፍትዌር ኪራይ ለመክፈል የውጭ ምንዛሪ ለሚቸግረው መሥሪያ ቤት ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ፕሮግራም ሲመረጥ ብዙ ጊዜ የሚታየው ዛሬ ይከፈልበታል ወይስ አይከፈልበትም የሚለው ነው። መብቱን የያዘው ማን እንደሆነ ማጣራት የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ የጨረታ ሰነድ ላይ አንድ መስመር ቢጨመርለት ምኞቴ ነው።

ሊኑክስን ይህ የፈቃድ መቀየር ነገር አልነካውም። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 ከጀመረው ወዲህ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ኮድ ጽፈውበታል፤ አበርካቾቹም መብታቸውን ለአንድ ድርጅት እንዲያስተላልፉ አይጠየቁም። ፈቃዱም የተሻሻለ ሥራ ሲሰራጭ በዚያው ፈቃድ እንዲወጣ ያስገድዳል። ፈቃዱ ይቀየር ቢባል እያንዳንዱን ባለመብት ፈልጎ ማስፈረም ሊያስፈልግ ነው። ሥራ የቀየሩ፣ አድራሻቸው የጠፋ፣ በሕይወት የሌሉም አሉበት፤ የእነሱ ድርሻ ወደ ወራሾቻቸው ሄዷል። ቶርቫልድስ ራሱ ነገ ሐሳቡን ቢለውጥ ብቻውን ሊቀይረው አይችልም።