ጨዋታ በኀዘን ቤት

ሰው ሲሞት ቤተ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ማልቀሱ፥ ሙሾ ማውረዱና ተዝካር ማውጣቱ የብዙ ጸሓፊዎችን ዓይን የሳበ ነገር ነው። ልቅሶው ጋብ ካለ በኋላ በዚያው ድንኳን ውስጥ የሚሰማው ሣቅ ግን ይህን ያህል አልተመረመረም። ምክንያቱም ሣቅ በኀዘን ቤት እንደ ነውር ስለሚቈጠር ይመስላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአዲስ አበባ በክርስቲያኑ ኅብረተሰብ ዘንድ የሚታየውን ልማድ መሠረት አድርጎ፥ ቀልድ በኀዘንተኛ ፊት ነውርነቱ ቀርቶ መጽናኛ የሚሆነው በምን ሁኔታ እንደ ሆነ ማስረዳት ነው።

አስቀድሞ ቃሉን መመልከት ይገባል። «ጨዋታ» የሚለው ቃል የልጆችን ቡረቃ፥ የትልልቅ ሰዎችን ወግና ቀልድንም በአንድነት ያጠቃልላል። ባለቤቱ እንግዳውን «ተጫወት እንጂ» ሲለው፥ ዝም ብለህ አትቀመጥ፥ አውጋን ማለቱ ነው። እንግዲህ በቋንቋችን ጨዋታ አብሮ መቀመጥን ይጠይቃል፤ ለብቻው የተቀመጠ ሰው ይተክዛል እንጂ አይጫወትም።

ሥርዓቱ ከሰፈር ሰፈር ቢለያይም፥ አካሄዱ በጠቅላላው እንደሚከተለው ነው። የእድሩ ጡሩንባ ነፊ አባሎቹን ይጠራል፤ ድንኳን ይተከላል፤ አግዳሚ ወንበር ይደረደራል፤ እንጀራና ወጥ ከየጎረቤቱ ይመጣል። ከቀብር መልስ እጅ ታጥቦ ንፍሮ ይቀመሳል። በዚያ ዕለት የሚሰማው ልቅሶና «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» የሚለው ቃል ብቻ ነው። ሲመሽ ግን ለማደር የቀሩት ሰዎች በዝግታ ወግ ይጀምራሉ፤ ወጣቶቹ በድንኳኑ ዳር ካርታ ይይዛሉ። ሣልስቱ ሲደርስ ጨዋታው ወደ ኀዘንተኞቹ መቀመጫ እየቀረበ ይመጣል።

በዚህ ጨዋታ ውስጥ ሳይጻፉ የሚጠበቁ ሦስት ደንቦች ይታያሉ። አንደኛው፥ የሚቀልደው ማን እንደ ሆነ ነው። ድንኳኑን የተከለ፥ ውሃ የቀዳ፥ ሌሊቱን ያደረ ሰው ቢቀልድ ይታገሡታል። ከደጅ ገብቶ ገና ሳይቀመጥ የሚቀልደው ግን፥ ቀልዱ ያው ቢሆንም እንኳ ባለጌ ይባላል። ሁለተኛው፥ ቀልዱ ለማን እንደሚነገር ነው። ቀልዱ በቀጥታ ለኀዘንተኛዋ አይነገርም፤ ተቀማጮቹ እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ እርስዋ ትሰማዋለች። ስለዚህ ለመሣቅ አትገደድም፤ ፈገግ ብትል ነጠላዋን ወደ አፏ መለስ ታደርጋለች፤ ያየም ሰው እንዳላየ ይሆናል። ሦስተኛው፥ የቀልዱ ጉዳይ ነው። ስለ ሕመሙም ስለ አሟሟቱም አይቀለድም። ተናጋሪው በራሱ ላይ ይቀልዳል፤ ወይም ሊቁ አለቃ ገብረ ሐና ተናገሩት የሚባለውን ሁሉ ያወጋል። ቆየት ብሎ ደግሞ የሟቹ የራሱ ጨዋታ ይነሣል። ያን ጊዜ ሣቅና እንባ ይቀላቀላሉ፤ ሟቹም ሬሳ ሆኖ ሳይሆን በሕይወት ሳለ እንደ ነበረው ሆኖ ይታወሳል።

ራድክሊፍ ብራውን በ1940 እ.ኤ.አ. «አፍሪካ» በተባለው መጽሔት ስለ ቀልድ ዝምድና ባወጣው ጽሑፍ፥ አንዱ በሌላው ላይ እንዲቀልድ የተፈቀደለት፥ ሌላውም እንዳይቈጣ የሚገደድበት ግንኙነት መኖሩን አስረድቷል። እርሱ ከመረመራቸው ምሳሌዎች ብዙዎቹ በጋብቻና በዝምድና ላይ የቆሙ ናቸው። በኀዘን ቤታችን የምናየው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ፈቃዱ ከደም አይወረስም፤ በመገኘትና በድካም ይገኛል፤ የሚቆየውም የኀዘኑ ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ ነው። ጎረቤት ከሩቅ ዘመድ ይልቅ በድፍረት የሚቀልደውም ስለዚህ ነው።

ይህንም አስተያየት የሚፈትን ጊዜ ደርሶብን ነበር። በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ 19 ወረርሽኝ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታውጆ መሰብሰብ ሲገደብ፥ ብዙ ሰው በስልክ አጽናና፥ በስልክም ተጽናና። የማጽናኛው ቃል በስልክ መተላለፍ ቻለ፤ ጨዋታው ግን አልቻለም። ኀዘንተኛ በስልክ ቀልድ ቢነገረው፥ የተናጋሪውን ፊት ስለማያይና ዝም ለማለትም ስለማይመቸው፥ ቀልዱ ይከብደዋል። በአሜሪካ በሚኖሩ ወገኖቻችንም ዘንድ፥ ስልክ በእጃቸው ሳለ፥ መርዶ ለማርዳት ወዳጆች ተሰብስበው ወደ ኀዘንተኛው ቤት የመሄድ ልማድ አለ። ወሬውን ያለ ሰው መስማት ከወሬው ይበልጥ የሚፈራ ነገር ነውና።

ዛሬ ወጪውና የሥራ ጊዜ መባከኑ እየታሰበ፥ ኀዘን የሚቀመጡበት ቀን እንዲያጥር፥ የእድሩም ርዳታ በገንዘብ ብቻ እንዲሆን የሚመክሩ ሰዎች አሉ። ምክንያታቸው የሚናቅ አይደለም፤ ለድግስ ሲባል ብድር የሚገባ ቤተ ሰብ አለና። ነገር ግን ብዙ እድሮች መዋጮውን ከፍሎ ልቅሶ ያልደረሰውን አባል የሚቀጡበት ደንብ አላቸው። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ገንዘብ የሰውን መገኘት እንደማይተካ ዐውቀው ነበር ማለት ነው። ደንብ የሚያሻሽሉ ሁሉ ምግቡንና ወጪውን ቢቀንሱ ጉዳት የለውም፤ በሌሊት የሚያድሩትን ሰዎች ከቀነሱ ግን፥ ኀዘንተኛው ከገንዘቡ ጋር ብቻውን ይቀራል። «ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር በዚህ ሥርዓት ሲታይ ግልጽ ትርጕም አለው፤ ቀልዱ የሚያሽረው ሰውየው አጠገብ ተቀምጦ ሲገኝ ነው።