ጨው ዕቃችሁ ውስጥ ያለው ቁጥር 53

ጎበሳም ሁኑ አሰላ፣ እስቲ ወጥ ቤት ያለውን የጨው ዕቃ ክፈቱት። አቶም የፈተና ሽምደዳ ብቻ ለሚመስላችሁ፣ እዚህ ዕቃ ውስጥ ቁም ነገር አለው።

ጨውም እኛም የተሠራነው ከአቶም ነው። አቶም መሃሉ ላይ ኒውክለስ አለው። እዚያ ውስጥ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸው ፕሮቶኖችና ቻርጅ የሌላቸው ኒውትሮኖች አሉ። ኔጌቲቭ የሆኑት ኤሌክትሮኖች ደግሞ በዙሪያው ናቸው። አቶሙ የአሰላ ስታዲየምን ቢያክል፣ ኒውክለሱ መሃል ሜዳ ላይ ያለች አንዲት የአተር ፍሬ ብታክል ነው! ክብደቱ ግን ከሞላ ጎደል እሷው ጋር ነው።

የአቶሙን ማንነት የሚወስነው የፕሮቶን ቁጥር ነው። 53 ከሆነ አዮዲን ነው፣ በቃ። 52 ቢሆን ቴሉሪየም፣ 54 ቢሆን ዜኖን የሚባል ጋዝ ነው።

ታዲያ እኛን ምን አገባን? አንገታችን ላይ ያለው ታይሮይድ ዕጢ ታይሮክሲን የሚባል ሆርሞን ይሠራል። አንዱ የታይሮክሲን ሞለኪውል 4 የአዮዲን አቶም ይፈልጋል። ሰውነታችን አቶሞችን የሚያገናኘውና የሚለያየው በኤሌክትሮኖቻቸው ነው፤ ኒውክለስ መንካት አይችልም። ስለዚህ ከሌላ አቶም አዮዲን መሥራት አይሆንለትም። ገብሱም ስንዴውም እንደዚያው፤ አፈሩ ውስጥ ከሌለ እነሱም ጋር የለም።

እንደ አርሲ ባሉ ደጋማ ቦታዎች ደግሞ ዝናብ ለዘመናት አፈሩን ሲያጥብ አዮዲኑንም ይዞት ይሄዳል። ዕጢው አዮዲን ሲያጣ ያብጣል፤ አንዱ የእንቅርት መነሻ ይሄ ነው። የባሰው ግን በዓይን አይታይም፦ ነፍሰ ጡር እናት አዮዲን በጣም ካነሳት የልጇ አእምሮ እድገት ይጎዳል። ለዚህም ነው እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ደንብ የምግብ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት ያስገደደው።

የተጨመረው አዮዲን ግን በፀሐይ፣ በሙቀትና በእርጥበት ይቀንሳል። አቶሙ አልጠፋም፣ አየር ላይ አለ፤ ድስታችሁ ውስጥ ግን የለም።

ስለዚህ፦
• አዮዲን እንዳለው የተጻፈበትን የታሸገ ጨው ግዙ
• ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከምድጃ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ
• ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩ

ጨው አብዙ ማለት ግን አይደለም፤ ያው የለመዳችሁት መጠን ይበቃል።

ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች ይሄን ዛሬውኑ አንብቡላት።