አንድ ተብሎ የማይቆጠር አንበሳ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 2015 መጀመሪያ ላይ ከዚምባብዌ ሁለተኛ መርዶ መጣ፤ ጄሪኮም ተገደለ ተባለ። ከአንድ ወር በፊት በሁዋንጌ ብሔራዊ ፓርክ ዳርቻ ሴሲልን፣ ያን ባለ ጥቁር ጎፈር አንበሳ፣ አንድ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም በቀስት ገድሎት የብዙው ሰው ቁጣ ገና አልበረደም ነበር። ጄሪኮ የሴሲል አጋር ነበር። ወሬው አገር ላገር ሲዞር በፓርኩ የሚሠሩት የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአንበሳው አንገት መሣሪያ በሳተላይት የመጣውን መረጃ ተመለከቱ። ጄሪኮ እንደ ወትሮው ይንቀሳቀሳል። በማግስቱ በዓይን ታየ፤ ወሬው ሐሰት ነበር።

ድንጋጤው ግን ያለ ምክንያት አልነበረም። ሁለቱ ወንዶች በሁለት መንጋ ያሉ ስድስት ያህል ሴቶችንና እስከ 12 የሚደርሱ ደቦሎችን አብረው ይጠብቁ ነበር። ጄሪኮም ቢሞት ኖሮ ለደቦሎቹ የሚቆምላቸው ወንድ አይኖርም ነበር።

ወንድ አንበሳ ሁለት ሦስት ዓመት ሲሞላው ከተወለደበት መንጋ ይባረራል። ከዚያ ወዲያ ዕጣውን የሚወስነው አብሮት የሚንከራተተው ማን እንደሆነ ነው። በታንዛኒያው ሴሬንጌቲ ከ1966 ጀምሮ ሲካሄድ በቆየው ጥናት፣ በተለይ ክሬግ ፓከርና ባልደረቦቹ በሰበሰቡት መረጃ፣ አራትና ከዚያ በላይ ወንዶች ያሉባቸው ጥምረቶች የዘመዳሞች ሆነው ተገኝተዋል። ሁለት ወይም ሦስት ሲሆኑ ግን በመንከራተት ላይ ተገናኝተው የተወዳጁ ባዕዳንም ሊሆኑ ይችላሉ። ቁጥራቸው በበዛ መጠን መንጋ የመንጠቅና ይዞ የመቆየት ኃይላቸው ይጨምራል። አዲሶቹ ሲገቡ የቀድሞዎቹን ደቦሎች ይገድላሉ፤ ልጆቿን ያጣች እናት ፈጥና ለመፀነስ ትዘጋጃለችና። አንድ ጥምረት መንጋ ይዞ የሚቆየው በአብዛኛው ሁለት ሦስት ዓመት ነው፤ ደቦል ራሱን እስኪችልም ሁለት ዓመት ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ ጠባቂው ከጊዜው ጥቂት ወራት ቀድሞ ቢወድቅ እንኳ አንድ ትውልድ ሊጠፋ ይችላል።

የሴሲል ታሪክ ራሱ የጥምረት ታሪክ ነው። በ2008 በሁዋንጌ ሲታይ ወንድሙ ሳይሆን አይቀርም ከተባለ ሌላ ወንድ ጋር ነበር። በ2009 ከአካባቢው ባለቤት አንበሶች ጋር በተደረገ ውጊያ ያ አጋሩ ሞተ፤ ሴሲል ቆስሎ ሸሸ። ወደ ሌላ የፓርኩ ክፍል ሄዶ እስከ 22 የሚደርስ መንጋ አቋቋመ። በ2013 ሁለት ወጣት ወንዶች አባረሩት፤ ምሥራቃዊው ድንበር ላይ ከጄሪኮ ጋር የገጠመው ከዚያ በኋላ ነው። ብቻውን ሆኖ ዳግም መንጋ መያዝ ባልቻለ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ይህን ሁሉ ያወቅነው በክትትል ነው። የኦክስፎርድ ቡድን በሁዋንጌ ሥራውን የጀመረው በ1999 ነው። አንበሳው በማደንዘዣ ይተኛል፣ አንገቱ ላይ መሣሪያ ይታሰራል፣ ባትሪው ሲያልቅም እንደገና ተፈልጎ ይቀየርለታል። 14,600 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሰፋ ፓርክ ውስጥ ዱካ ማንበብ፣ ሌሊት የሚያገሣበትን አቅጣጫ ማዳመጥ፣ የጢሙን ሥር ነጠብጣቦች እያስተያዩ ማንነቱን መለየት የሥራው ክፍል ነው። ነጠብጣቦቹ በሁለት አንበሶች ላይ አንድ ዓይነት አይሆኑም።

የዚሁ ቡድን ተመራማሪ አንድሩ ላቭሪጅና ባልደረቦቹ በ2007 ያሳተሙት ውጤት ከባድ ነበር። ምልክት ከተደረገባቸው 62 አንበሶች 34ቱ በጥናቱ ዘመን ሞተዋል፤ ከነዚህ 24ቱን የገደሉት ስፖርት አዳኞች ናቸው። ድንበር ላይ ያለው ወንድ ሲገደል ክፍት ቦታውን የሚይዘው ከፓርኩ መሐል የሚመጣ ሌላ ወንድ ነው፤ እሱም በተራው ጥይት ፊት ይቆማል። በአካባቢው የአንበሳ አደን ለጥቂት ዓመታት ታገደ፤ ሲመለስ ከዕድሜ ገደብ ጋር ሆነ። አፍንጫው በዕድሜ እየጠቆረ ስለሚሄድ ዕድሜውን ከሩቅ መገመት ይቻላል፤ ስድስት ዓመት ያልሞላው አይገደልም የሚለው ሐሳብ የመጣው በዚህ መንገድ ነው።

ሐሳቡ መልካም ነው፤ ግን አይበቃም። የሴሲል ልጅ ዛንዳ በጁላይ 2017 ከፓርኩ ውጭ ሲገደል ዕድሜው ስድስት ዓመት ነበር፤ አንገቱ ላይ መሣሪያ፣ መንጋው ውስጥ ደቦሎች ነበሩት። ደንቡ የአንዱን ዕድሜ ይቆጥራል፤ ከጎኑ ማን እንደቆመና ከኋላው ስንት ደቦል እንዳለ አይጠይቅም። በ2019 ሲዱሌ የተባለው ወንድ ተገደለ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ አጋሩ ሞፓኔ ተከተለው።

የአደን ደጋፊዎች የሚያነሡት ነጥብ አለ፤ ክብደትም አለው። ለአደን የተከለለው መሬት ገቢ ካላስገኘ ይታረሳል፤ ያን ጊዜ ለአንበሳ መኖሪያ አይተርፍም። በፓርኩ ዳር ከብቱን በአንበሳ የሚነጠቀው ገበሬም ቁጣው እውነተኛ ነው። ለዚህ ገበሬ የደረሰለት ግን ያው ክትትል ነው። ሎንግ ሺልድስ በሚባለው ፕሮግራም የመንደር ጠባቂዎች አንበሳው ሲቀርብ መረጃው ይደርሳቸዋል፤ ሰዉ ከብቱን እንዲሰበስብ ያስጠነቅቃሉ፣ አንበሳውንም በቩቩዜላ ጩኸት ያባርራሉ።

የኛም አገር ከዚህ ሩቅ አይደለችም። ከዚሁ የኦክስፎርድ ተቋም ጋር የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ2016 በአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሶች መኖራቸውን በካሜራ ማረጋገጣቸውን አስታውቀዋል። አላጥሽ ከሱዳኑ ዲንደር ጋር የሚዋሰን ነው፤ እዚያም የአንበሳው ክልልና የሰው ድንበር አይገጥሙም።

የሁዋንጌ ተመራማሪዎች በፓርኩ ዙሪያ 5 ኪሎ ሜትር አደን የማይደረግበት ቀጠና እንዲኖር ለዓመታት ሐሳብ አቅርበዋል። አዳኞቹ ግን የሚፈልጉት ድንበሩን ነው፤ ማባበያ ሥጋ የሚያስቀምጡትም እዚያው ነው። እኔ ከቀጠናው ሌላ አንድ ነገር እጨምራለሁ። መሣሪያ የታሰረለት አንበሳ የት እንደሚውል፣ ከማን ጋር እንደሚያድር፣ ደቦሎቹም ስንት ወር እንደሆናቸው ተመዝግቧል። ፈቃድ የሚፈርመው ባለሥልጣን ከመፈረሙ በፊት ያንን መዝገብ እንዲያይ ሕግ ያስገድደው። ከሁለት አንዱ የሆነ ወንድ፣ ደቦሎቹ ሁለት ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ፣ ለአደን አይቅረብ።