ልጅ ከዘገየ ሁለታችሁም ተመርመሩ
እኔ በምሰራበት ጎብዬ ልጅ ሲዘገይ ጣት የሚቀሰረው ሚስት ላይ ነው፤ በዚሁ ትዳር ይፈርሳል። እውነቱ ግን ወደ ግማሽ በሚጠጉት ጥንዶች የባልም ችግር አለበት።

👉 አንድ ዓመት ሞክራችሁ ካልተሳካ (ሚስት ከ35 ዓመት በላይ ከሆነች 6 ወር) ሁለታችሁም ተመርመሩ። የወንዱ የዘር ፈሳሽ ምርመራ ቀላል ነው።

👉 የወንዱ ዘር ቁጥር በጣም ቢያንስም ተስፋ አለ። አይ ቪ ኤፍ ላይ ዛሬ አንድ ዘር ተመርጦ በቀጭን መርፌ እንቁላሉ ውስጥ ይገባል፤ ጽንሱ ላብራቶሪ ውስጥ ከ3 እስከ 5 ቀን አድጎ ማህፀን ውስጥ ይቀመጣል። የተረፈው በቅዝቃዜ ተጠብቆ ለሌላ ጊዜ ይቆያል።

👉 የመጀመሪያው የመንግሥት ማዕከል በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ጳውሎስ ሆስፒታል ተከፍቷል።

ሁሌ አይሳካም፤ የሴቷ ዕድሜ ሲገፋ ዕድሉ ይቀንሳል። ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥል፤ ምርመራው ግን አይዘግይ። ለባሎችም ሼር አድርጉላቸው 🙏