መኪናዎ ስልክ ከማንሳቱ በፊት ማን እንደተሳፈረ ይዩ!

ሰውየው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ሊሞዚን ነጂ ነው። ከአዲስ አበባ የመጡትን አማቱን ከአውሮፕላን ማረፊያ ተቀብሎ፣ ባለቤቱን ከጎኑ፣ አማቱን ከኋላ አስቀምጦ በመርሰዲሱ ሽው እያለ ነው። ስልክ ተጠራ። መሪው ላይ ያለችውን ቁልፍ ጫን አደረጋት። የጓደኛው ድምፅ ከአራቱም ማዕዘን አስተጋባ፦ «ስማ እንጂ! የመኪናዋን ብድር መቼ ልትመልስልኝ ነው? ሚስትህ እስካሁን አላወቀችም አይደል?»

ሚስት መኪናው በዕቁብ ገንዘብ እንደተገዛ ነበር የምታውቀው። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ እዚያ ቤት ውስጥ የሚናገረው ቴሌቪዥኑ ብቻ ነበር።

መቼም ብድሩን የደበቀው ራሱ ነው፤ ያንን የሚጠግን ጋራዥ የለም። እኛ የምናወራው ስለ ስልኩ ነው።

መኪናው እ.ኤ.አ. የ2002 ኤስ ክላስ ነው። በዚያ ዘመን የቅንጦት መኪና የገዛ ሰው ስልኩን ከፋብሪካ አስገጥሞ መውሰድ ይችል ነበር፤ ስልኩ የክንድ ማሳረፊያው ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፣ ድምፁ በመኪናው ስፒከር ይወጣል። መርሰዲስማ «ሊንጓትሮኒክ» ያለውን፣ በአፍ ሲያዙት ስልክ የሚደውለውን ዕቃ እ.ኤ.አ. በ1996 አውጥቶ ነበር። ታዲያ የኛ ሰው ሁለተኛ እጅ መኪናውን ገዝቶ «ዳያል» ቢል፣ ቢጮህ፣ ወይ ፍንክች!

ጋራዥ ወሰደው። መካኒኩ «ሳጥኑ ተቃጥሏል፣ ሌላ አሮጌ እናምጣለት» አለና የሦስት ቀን ገቢውን ተቀበለው። ሌላ ሳጥን ገባ፤ አሁንም ዝም። ሰውየው ተናዶ የስልኩን ሳጥን በገዛ እጁ ነቅሎ ጣለው። በማግስቱ ሬዲዮኑም ሲዲውም እምቢ አሉ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ በዚህ የተቃጠሉ ብዙዎች ናቸው። በእነዚህ መኪኖች ውስጥ ሬዲዮው፣ ስልኩና ሲዲው እጅ ለእጅ ተያይዘው እንደሚጨፍሩ ልጆች ናቸው፤ ድምፁ በብርሃን ገመድ ከአንዱ ወደ አንዱ ዞሮ ይመለሳል። አንዱ እጁን ከለቀቀ ክቡ ይበጠሳል፣ ሁሉም ዝም ይላል። መፍትሔው የተነቀለው ዕቃ ቦታ ላይ የምትሰካ፣ ሁለቱን ጫፍ የምታገናኝ ትንሽ ማያያዣ ናት። ለዚህ ሲባል ሬዲዮ አስቀይረው የከፈሉ አሉ!

ሳጥኑስ? ሳጥኑ ጤነኛ ነበር። የሞተው ኔትዎርኩ ነው። አሜሪካ ውስጥ ኩባንያዎች የአናሎጉን ኔትዎርክ የማቆየት ግዴታቸው የተነሳው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2008 ነው። ሦስተኛው ትውልድ፣ ሦስት ጂ የምንለው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲዘጋ ደግሞ ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ብዙ መኪኖች የአደጋ ጥሪያቸው ሳይቀር ተቋረጠ። ሞተሩ ገና ስንት ዓመት የሚያገለግል መኪና ጆሮው ቀድሞ ይሞታል ማለት ነው። ስለዚህ «ስልኩን አስነሳልሃለሁ» የሚልዎትን ሰው መጀመሪያ «በየትኛው ኔትዎርክ?» ብለው ይጠይቁት። የሚያዋጣው የኪስዎን ስልክ በብሉቱዝ ከመኪናው ጋር የሚያገናኝ፣ ለዚያው ሞዴል የተሠራ ዕቃ ማስገጠም ነው። የመሪው ቁልፍም የመኪናው ስፒከርም እንደነበሩ ይሠራሉ። የኛም ሰው በመጨረሻ ያደረገው ይህንኑ ነው።

አዲስ አበባ ያላችሁም «የአሜሪካ ወሬ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በቤንዚንና በናፍታ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለታገደ፣ ያለውን አሮጌ መኪና ማደስ ግድ ሆኗል።

በድምፅ ማዘዙን በተመለከተ፣ የድሮው ሊንጓትሮኒክ አማርኛ አያውቅም፤ ነገር ግን የሰዎችን ስም እርስዎ ራስዎ በድምፅዎ ይቀዱለታል። «ጋሼ» ብለው ከቀዱ፣ «ጋሼ» ሲሉት ይደውላል። የኋለኞቹ ግን ስሙን ከተጻፈው ላይ ነው የሚያነቡት፤ ከጠ እና ከጨ ጋር አይስማሙም። «ጫልቱ» ቢሉት «ቻርልስ» ጋ ሊደውል ይችላል። ብልሃቱ በስልክዎ ላይ «ማዘር»፣ «ብራዘር» ብሎ መመዝገብ ነው።

«እጄ መሪ ላይ፣ ዓይኔ መንገድ ላይ ነው፣ ምን እሆናለሁ?» የሚሉ አሉ። ሐሳብዎስ? እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካው የትሪፕል ኤ የትራፊክ ደህንነት ፋውንዴሽን ከዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ባስጠናው ጥናት፣ ነጂው መኪናውን በድምፅ አዝዞ ከጨረሰ በኋላ ሐሳቡ ተሰብስቦ እስኪመለስ እስከ 27 ሴኮንድ ሊወስድ ይችላል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው 27 ሴኮንድ 300 ሜትር ነው። ትምህርት ቤት በር ላይ 300 ሜትር በሐሳብ ዕውር ሆኖ መንዳት! ስለዚህ ከመነሳትዎ በፊት ይደውሉ፣ ወይም ዳር ይዘው ይቁሙ።

ደግሞ መኪናውን ሲሸጡ በውስጡ የቀረውን የስልክ ዝርዝር ይደምስሱ። የተከራዩትንም ሲመልሱ እንዲሁ። ገዢው የማን ማን ቁጥር እንዳለዎት እንዲያውቅ ምን አስፈለገው? ሰው አሳፍረው ሳለ ስልክ ከመጣ ደግሞ የመጀመሪያው ቃልዎ «ከሰው ጋር ነኝ፣ ድምፁ ይሰማል» ይሁን። ጨዋ ደዋይ ይገባዋል።

የኛ ሰውና ባለቤቱ አሁን ታርቀዋል። ብድሩን በየወሩ አብረው ይከፍላሉ፤ ስልክ ሲመጣ ቁልፉን የምትጫነው እሷ ናት። እማማ ግን የዚያን ቀን ስለ ብድሩ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ቤት ደርሰው ሻንጣው ከወረደ በኋላ ልጃቸውን ወደ ጥግ ሳብ አድርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቋት፤ «እዚያ መኪና ውስጥ በእንግሊዝኛ የምታወራው ሴትዮ ማናት?»