ጡጫ ብቻውን ፊልም አይሆንም

ኪነ ጥበብ የኅብረተሰብ መስታወት ነው ስንል ኖረናል። በመስታወቱ ላይ የሟችን ፊት በካርቶን የሚለጥፍ ነጋዴ ሲመጣ ግን ዝም ማለት አይገባንም። «የሞት ጨዋታ» በተሰኘው የሆንግ ኮንግ ፊልም የተፈጸመው ቃል በቃል ይኸው ነውና።

ብሩስ ሊ የፊልሙን ፍልሚያዎች የቀረጸው በ1972 እ.ኤ.አ. ነበር። በየፎቁ አንድ ተዋጊ በሚጠብቀው ግንብ ውስጥ፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ18 ሴንቲ ሜትር ከሆነው አሜሪካዊ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ከካሪም አብዱል ጀባር ጋር ያደረገው ግጥሚያ ዛሬም ያስደምማል። ፍልሚያው ሐሳብም ነበረው፤ በአንድ ሥልት ታስሮ የቀረ ተዋጊ፣ እንደ ሁኔታው ለሚለዋወጥ ተዋጊ ይንበረከካል። ሆኖም ብሩስ ሊ ሥራውን ሳይፈጽም በ1973 አረፈ።

በ1978 አምራቾቹ ሌላ ታሪክ ቀጣጥለው፣ ጉድለቱን በተተኪዎች ሞልተው ለገበያ አቀረቡት። ከሟቹ የግንብ ፍልሚያ የገባው 15 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። በአንድ ትዕይንት የተተኪውን ፊት ለመሸፈን የሟቹ ምስል በመስታወት ላይ ተለጥፏል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ፣ የእውነተኛው ቀብሩ ቀረጻ የልብ ወለዱ ማሟያ መሆኑ ነው።

እኛ የፍልሚያውን ጥበብ አንነቅፍም፤ የዓመታት ላብ ፍሬ ነው። የምንነቅፈው ሰው ለምን እንደሚታገል ሳያሳዩ ጡጫውን ብቻ የሚቸረችሩትን ነው። ጡጫ ዓይንን ይይዛል፤ ልብን የሚይዘው ግን ታሪክ ነው። ስለዚህ ተመልካች ከአዳራሹ ሲወጣ «ማን አሸነፈ?» ብቻ ሳይሆን «ለምን ተዋጋ?» ብሎ ይጠይቅ። ለዚህ መልስ የሌለው ፊልም ጀግናውን ሁለተኛ ይቀብረዋል።